ከሰው ጀርባ ያለውን አታጥፉብን

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበታችሁ። ጋዜጣው እጄ ሲገባ መጀመሪያ የምገልጠው የሰው ታሪክ የምታወጡበትን ገጽ ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ ጽሑፉ አይደለም። ስለ ፎቶው ነው።

ባለፈው እትማችሁ ስለ አንዲት አዋላጅ ነርስ አስነበባችሁን። ጽሑፉ ግሩም ነው። ጸሐፊዋ ክፍሉን እጃችንን ይዛ ነው ያስጎበኘችን። ነርሷ በየማለዳው ራሳቸው የሚያደራጁትን ቁም ሣጥን፣ ዳር ዳሩ የተበላውን መዝገብ፣ እናቶች እየተደገፉት ቀለሙ የለቀቀውን የግድግዳ ጥግ። ይህን አንብቤ ወደ ፎቶው ዞርኩ። ያለው ከትከሻ በላይ ፊት ብቻ ነው። ከኋላቸው የነጣ፣ ብዥ ያለ ነገር ይታያል። ቁም ሣጥን ይሁን ሰማይ አይለይም። ፊታቸው ደስ ይላል፣ ፎከሱ ጥርት ያለ ነው፣ ብርሃኑም አይከፋም። ግን እኚህ ሴት የባንክ ሠራተኛ ናቸው ብትሉኝም አምን ነበር።

የአንድ ቀን ነገር ቢሆን ዝም እል ነበር። ግን የቆዩ እትሞችን አውጥቼ ገለጥኩ። ብረት በያጁም፣ አስተማሪዋም፣ ንብ አናቢውም ያው ናቸው። ፊት፣ ከኋላው ብዥታ። ከሥር ያለውን ስማቸውን ብትለዋውጡት ልብ የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም።

ለምን ይህን ያህል እንደከነከነኝ ልንገራችሁ።

አጎቴ ሰዓት ጠጋኝ ነበሩ። ዕድሜያቸውን የጨረሱት አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ከወንበራቸው ጀርባ ያለው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሰዓት ነበር። ባለቤቱ ሳይወስደው የቀረ፣ መለዋወጫ የጠፋለት፣ ብርጭቆው የተሰነጠቀ። አብዛኞቹ ቆመዋል፣ እያንዳንዱም የቆመው በየራሱ ሰዓት ላይ ነው። ጠረጴዛቸው ላይ ቀኝ ክርናቸው የሚያርፍበት ቦታ ጎድጉዷል። እጄን አስገብቼበት አውቃለሁ፣ ልሙጥ ነው፣ እንደ ማንኪያ።

አንድ ጊዜ ስለ ነባር የእጅ ሙያተኞች የሚጽፍ ሌላ የኅትመት ውጤት ፎቶ አንሺ ላከባቸው። እናንተ አይደላችሁም፣ ስሙንም አልጠራም። እኔም እዚያው ነበርኩ። ልጁ ትሑት ነው፣ ጥሩ ካሜራ ይዟል። ገባ፣ ዞር ዞር ብሎ አየና "እዚህ በጣም ይጨናነቃል፣ ባክግራውንዱ አይሆንም" አለ። አጎቴን ከወንበራቸው አስነስቶ ወደ ውጭ አወጣቸው። ሽርጣቸውን አወለቁ። ዓይናቸው ላይ የሚሰኳትን አጉሊ መነጽር ኪሳቸው ከተቱ። ግራጫ ግድግዳ ፊት ቆሙ፣ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ግራ ገባቸው። በ5 ደቂቃ አለቀ።

አጎቴ ካረፉ ቆዩ። ክፍሉ ተለቀቀ፣ ሰዓቶቹ ተበታተኑ። ያንን ግድግዳ ያነሳው ሰው የለም። እኔም በየቀኑ ስለማየው አላነሳሁትም፣ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የቀረን ያ ፎቶ ነው፣ ልጆቻቸው አሳድገው ሰቅለውታል። የልጅ ልጃቸው አንድ ቀን ቀና ብላ አይታው "አያቴ ምን ነበር የሚሠራው?" አለች። ፎቶው ላይ መልስ የለም። እኛ አፍ አውጥተን መናገር ነበረብን።

ስለዚህ ይህ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሰውን በሚሠራበት ወይም በሚኖርበት ቦታ፣ ቦታውም አብሮ እንዲናገር አድርጎ ማንሳት በፎቶ ሙያ ራሱን የቻለ ዘርፍ ነው። ኢንቫይሮመንታል ፖርትሬት ይሉታል። ይህ ሲነሳ አሜሪካዊው አርኖልድ ኒውማን ሳይጠቀስ አይታለፍም። በ1946 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የሙዚቃ ደራሲውን ኢጎር ስትራቪንስኪን ከታላቅ ፒያኖ ጋር አነሳው። ስትራቪንስኪ ያለው ከፍሬሙ ግርጌ በግራ ጥግ ነው፣ ጭንቅላቱን በእጁ ደግፎ። የቀረውን ቦታ የያዘው ተከፍቶ የቆመው የፒያኖው ጥቁር ክዳን ነው። ክዳኑ የሙዚቃ ኖታ ላይ ቃናው በግማሽ እርከን ዝቅ እንዲል የሚደረገውን ምልክት ይመስላል። ሰውየው ትንሽ ነው፣ ነገር ግን ዓይናችሁ ከእሱ አይነቀልም። ፎቶውን ያዘዘው ሃርፐርስ ባዛር መጽሔት አልፈልግም ብሎ መለሰው። ዛሬ ግን የስትራቪንስኪ ስም ሲነሳ ብዙ ሰው ዓይን ላይ የሚመጣው እሱ ፎቶ ነው።

ነገሩን እንዲሁ "ሰፊ አንሱ" እንደማለት እንዳታዩት አንድ ነገር ልጨምር። ያ ፎቶ የተቆረጠ ነው። ኒውማን ሲያነሳው ፍሬሙ ከዚህ ይሰፋ ነበር፤ ቆይቶ ጨክኖ ቆረጠው። የቆረጠው ግን ፒያኖውን ለማስወጣት ሳይሆን ፒያኖው ጎልቶ እንዲወጣ ነው። መቁረጥ ጠላት አይደለም። ምን እንደሚወጣና ምን እንደሚቀር ሳያስቡ መቁረጥ ነው የሚጎዳው።

ይኸው ኒውማን በ1963 ጀርመናዊውን የኢንዱስትሪ ባለቤት አልፍሪድ ክሩፕን ኤሰን በሚገኘው ፋብሪካው ውስጥ አነሳው። ክሩፕ በናዚ ዘመን ሰዎችን በግዳጅ አሠርቷል ተብሎ ኑረምበርግ ላይ በ1948 የተፈረደበት ሰው ነው። ኒውማን ደግሞ አይሁዳዊ ነው። ከኋላ ፋብሪካው ወደ ውስጥ ይረዝማል፣ ብርሃኑ ከግራና ከቀኝ ጎኑ ይመታዋል፣ ቀለሙ ወደ አረንጓዴ ያደላል። ሰውየው እጆቹን አገጩ ሥር አቆላልፎ ወደ እኛ ያያል። ያንን ፎቶ አይቶ ያ ሰው ምን እንዳደረገ የማይጠይቅ ማን ነው? ግራጫ ግድግዳ ፊት ቢነሳ ኖሮ ደህና የለበሰ ሽማግሌ ነበር የምናየው።

ከሁሉ የምወደው ግን ጎርደን ፓርክስ በ1942 ዋሽንግተን ውስጥ ያነሳውን ነው። ኤላ ዋትሰን የመንግሥት ሕንፃ የምታጸዳ ጥቁር አሜሪካዊት ናት። አንድ እጇ ላይ መጥረጊያ፣ ጎኗ መወልወያ፣ ከኋላዋ ወደ ታች የተንጠለጠለ ትልቅ የአሜሪካ ባንዲራ። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ባንዲራው ደብዘዝ ብሏል። ጥርት ያለችው እሷ ናት። ባንዲራ መሆኑ ግን አልጠፋም። እኔ የምለው ልክ ይህ ነው። ብዥታ በራሱ ክፉ አይደለም፣ መጠን አለው። የኋላው ነገር ሰውየውን እስኪያስቀድም ይደብዝዝ፤ ምን እንደሆነ እስኪጠፋ ግን አይደለም።

እርግጥ ነው ቦታውን ሆን ብለው ያስወጡ ታላላቅ ፎቶዎች አሉ። ዶሮቲያ ላንግ በ1936 ካሊፎርኒያ ውስጥ ልጆቿን ታቅፋ የተቀመጠችውን ስደተኛ እናት ስታነሳ በመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ድንኳኑ ሁሉ ይታይ ነበር። እየቀረበች፣ እየቀረበች ሄዳ በመጨረሻ እናትየዋን፣ ፊታቸውን ያዞሩ ሁለት ልጆችንና እቅፏ ያለውን ሕፃን ብቻ አስቀረች። ዓለም የሚያውቀው ያንን የመጨረሻውን ነው። ማሊያዊው ሴይዱ ኬይታም ከ1948 ጀምሮ ባማኮ በነበረው ስቱዲዮ ሰዎችን የሚያነሳው አበባ አበባ ያለው ጨርቅ ፊት ነበር፣ አንደኛው ጨርቅ የራሱ የአልጋ ልብስ ነው። ሰዎቹ ግን ሬዲዮውን፣ ሰዓቱን፣ ስኩተሩን መርጠው አብረው ይነሱ ነበር፣ ራሳቸውን እንዴት ማሳየት እንደሚፈልጉ ስለሚያውቁ። እነዚህ ሁሉ አስበውበት ነው። የእናንተ ገጽ ላይ የማየው ብዥታ ግን ውሳኔ አይመስለኝም። ልማድ ነው።

ልማዱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ከ2016 ጀምሮ፣ አይፎን 7 ፕላስ የኋላውን ራሱ የሚያደበዝዘውን ፖርትሬት ሞድ ይዞ ከመጣ ወዲህ፣ የኋላው ብዥ ካላለ ፎቶ አይመስለንም። ፎቶ አንሺዎች ደግሞ ሌላ እውነተኛ ምክንያት አላቸው። የሥራ ቦታ ብዙ ጊዜ ጨለም ያለ ነው። የሌንሱ ቀዳዳ ከኤፍ 1.4 ወደ ኤፍ 8 ሲጠብ (ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል) የሚገባው ብርሃን 32 እጥፍ ያንሳል። ስለዚህ ቀዳዳውን ወለል አድርገው ይከፍቱታል፣ በዚያ ግን የሚያጡትን እዩ። አቅርቦና አጥብቦ በሚያሳየው በ85 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ በኤፍ 1.4፣ ሰውየው 2 ሜትር ላይ ቢሆን ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 5 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ዓይኑ ጥርት ይላል፣ ጆሮው ይጠፋል። ሰፋ አድርጎ በሚያሳየው በ35 ሚሊ ሜትር ሌንስና በኤፍ 8 ግን ከ1.4 ሜትር ገደማ አንስቶ እስከ 3.3 ሜትር ገደማ ያለው ሁሉ ይታያል። ሰውየው፣ ጠረጴዛው፣ ከኋላው ያለው መደርደሪያ። የጎደለውን ብርሃን አይኤስኦን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) ከፍ በማድረግ ወይም ካሜራውን ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ አስቀምጦ ሰውየውን ለአፍታ ጸጥ እንዲል በመጠየቅ ማካካስ ይቻላል። ትንሽ ሻካራ ፎቶ ባዶ ከሆነ ፎቶ ይሻላል።

የሌንሱ ርዝመትም እንደዚያው ነው። ካሜራው ፉል ፍሬም ነው (ብርሃን የሚቀበልበት ሰሌዳው 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው)፣ የተያዘውም በአግድም ነው እንበል። ግድግዳው ከሰውየው ጀርባ 3 ሜትር ላይ ነው። በ35ቱ ሌንስ ከሰውየው 2 ሜትር ርቃችሁ ብትቆሙ ከግድግዳው 5 ሜትር የሚያህል ስፋት ፍሬም ውስጥ ይገባል። በ85ቱ ሰውየው በዚያው መጠን እንዲታይ 5 ሜትር ገደማ መራቅ ይኖርባችኋል፣ ከግድግዳው የሚገባው ግን 3.3 ሜትር ያህል ነው። ሰውየው ያው ነው፣ ከግድግዳው ግን ሲሶው ከፍሬሙ ውጭ ሆኗል። በአጎቴ ክፍል ደግሞ 5 ሜትር ወደ ኋላ የሚያስኬድ ቦታ ራሱ አልነበረም። 35ቱ ግን ይበቃ ነበር። ሰፊ ሌንስ ፊት ያዛባል የሚባለው እውነት የሚሆነው በጣም ሲጠጉ ወይም ሰውየውን ጠርዝ ላይ ሲያደርጉት ነው።

ስንት ጊዜ በሐሳቤ ያንን ፎቶ እንዳነሳሁት አልነግራችሁም። "ይጨናነቃል" የተባለው ልክ ነው፣ ይጨናነቅ ነበር። ግን የተጨናነቀን ቦታ ሥርዓት የሚያስይዘው ካሜራው የሚቆምበት ቦታ ነው። አጎቴን ከወንበራቸው አላስነሳም። መስኮቱ በግራቸው ነበር፣ ከዚያ የሚገባው ብርሃን ፊታቸውንና እጃቸውን ይነካል፣ ግድግዳው ላይ ሲደርስ ግን ይደክማል። ካሜራውን በዓይናቸው ከፍታ አደርጋለሁ። ከራሳቸው በላይ አንድ ነጭ ፊት ያለው ትልቅ ሰዓት ነበር። ፊት ለፊት ከቆምኩ አናታቸው ላይ የተጫነ ይመስላል፣ ደግሞም ፍሬሙ ውስጥ ከሁሉ የሚነጣው እሱ ስለሆነ ዓይን ፊታቸውን ትቶ ወደ እሱ ይሮጣል። ግማሽ እርምጃ ወደ ቀኝ ብሄድ ሰዓቱ ከራሳቸው ይለያል፣ ጥቁሩ የእንጨት መደርደሪያ ደግሞ ከነጭ ፀጉራቸው ጀርባ ይመጣል። ያኔ ፀጉራቸው ከጀርባው ይነጠላል። ጠረጴዛው ላይ ያለችውን የፕላስቲክ ከረጢት አነሳለሁ። ሌላ ምንም አልነካም። ክርናቸው የጎደጎደው ቦታ ላይ እንዲያርፍ እጠብቃለሁ፣ እሱም ሳይነገራቸው የሚሆን ነው። ግማሽ እርምጃ እና አንድ ከረጢት። ያጣነው በዚህ ነው።

ስለ ብርሃን ካነሳሁ አይቀር አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ሰውን ደማቅ መስኮት ፊት አቁሞ ፊቱን ማጥቆር። የካሜራው የብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ነው የሚሠራው። ከኋላ ያለው መስኮት ሲያንጸባርቅበት ፎቶውን በሙሉ ያጨልመዋል፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ያለው ሰው ደግሞ ከሁሉ በላይ ይጎዳል። የጋዜጣ ወረቀት ቀለም ስለሚመጥ ኅትመቱ ላይ የባሰ ይጠቁራል። ብርሃኑን ፊቱ ላይ መለካት፣ ወይም ሰውየውን ወደ መስኮቱ በጎን ማዞር ነው፣ በቃ። መስኮቱ ቢነጣ ይንጣ። ጥቁር ፀጉር ጥቁር ግድግዳ ፊት ሲሆንም እንደዚሁ ነው። ስክሪን ላይ ልዩነቱ ይታይ ይሆናል፣ ወረቀት ላይ ግን ሁለቱ አንድ ይሆናሉ።

አሁን ወደ ዴስካችሁ ልምጣ። ጥፋቱ ሁሉ የፎቶ አንሺው አይመስለኝም። የአዋላጇ ፎቶ ግራ ጠርዝ ላይ የሆነ የተቆረጠ ነጭ ዘንግ ይታያል። የቁም ሣጥኑ በር ይሆናል ብዬ ገምቻለሁ። ፎቶ አንሺው ሰፊ ፍሬም አምጥቶ ገጽ የሚያቀናብረው ሰው አንድ ዓምድ ውስጥ ልክተተው ብሎ ጎኑን ጎምዶት ከሆነ አይገርመኝም። ፎቶ አንሺው ያሰበበት ባዶ ቦታ ገጽ ላይ ሲመጣ የባከነ ቦታ ይመስላል፣ መጀመሪያ የሚቆረጠውም እሱ ነው። የስትራቪንስኪን ፒያኖ ዓምድ አልበቃ ብሎ ቁረጡት እስቲ፣ ምን ይቀራል? ቦታ ካጠረ ከጽሑፉ አንድ አንቀጽ ይውጣ። ጸሐፊዋ ትቀየማለች፣ አውቃለሁ። ግን ቁም ሣጥኑን በ3 መስመር ከምትገልጸው ብናየው አይሻልም?

በተቃራኒው የምፈራው ነገርም ስላለ እሱንም ልናገር። "ቦታውን አሳዩ" ሲባል ሰውየውን ተዋናይ ማድረግ ይመጣል። ሐኪም ሁሉ ማዳመጫ አንገቱ ላይ፣ ተመራማሪ ሁሉ ባለ ቀለም ውኃ ያለበት ብልቃጥ በእጁ። ይህ ከግራጫው ግድግዳ አይሻልም፤ ግድግዳው ቢያንስ አይዋሽም። ሰውየው ያልተጠቀመበትን ዕቃ አታስይዙት። ገብታችሁ 10 ደቂቃ ካሜራ ሳታወጡ ተቀመጡ። እጁ ወዴት እንደሚሄድ፣ የትኛውን ዕቃ ሳያይ እንደሚያነሳ እዩ። ፎቶው እዚያ ነው ያለው።

ደግሞ ፈቃድ ጠይቁ። የሰው ቦታ ሚስጥር አለው። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የቤተሰብ ፎቶ፣ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት፣ ያልተነጠፈ አልጋ። አዋላጇ ክፍል ውስጥ የእናቶች ስም የሰፈረበት ሰሌዳ ነበር ይሆናል፣ ከኋላ ያለው ሁሉ የጠፋውም ለእሱ ተብሎ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ሐሳቡ ትክክል ነው፣ አመሰግናለሁ። ግን ለአንድ ሰሌዳ ክፍሉ በሙሉ መጥፋት አልነበረበትም። ካሜራውን ትንሽ ወደ ግራ ማዞር፣ ወይም ሰሌዳውን ለጊዜው ማንሳት ይቻላል። ከዚያ በካሜራው ጀርባ ፎቶውን ለነርሷ ማሳየትና "ከኋላ ያለው እንዲህ ቢወጣ ቅር ይልዎታል?" ማለት ነው። ሰዎች ቤታቸው ድሃ መስሎ እንዳይታይ ይሳቀቃሉ፣ መብታቸው ነው። አጎቴን ግን ማንም አልጠየቃቸውም። ቢጠየቁ ኖሮ ከወንበራቸው የሚነሱ አይመስለኝም።

የምጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው። የአዋላጇ ሰፊው ፎቶ እጃችሁ ላይ ካለ፣ እሳቸውም ከፈቀዱ፣ በሚቀጥለው እትም አውጡልን። ጽሑፉን መድገም አያስፈልግም። ፎቶውና ስማቸው ይበቃል። ሰፊው ከሌለም ክፍሉ ገና አልተለቀቀም፣ ቁም ሣጥኑም እዚያው ነው። ፎቶ አንሺያችሁን አንድ ማለዳ፣ ሲያደራጁት፣ መልሳችሁ ላኩት።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ